አዲስ የፕሮጀክት መሪ ከዱቡሻ ምን ይማራል?

አንድ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ሲረከብ አስቀድሞ የሚያሳስበው ቧንቧውና በጀቱ ነው። ሆኖም ቧንቧው ቀርቦ ሳለ፣ ሰዎች ባለመግባባታቸው ብቻ ሥራው ሊቆም ይችላል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት። የሰዎቹ ቁጥር «ሰ» ቢሆን፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚገናኙባቸው መስመሮች ሰ×(ሰ−1)÷2 ይሆናሉ። 5 ሰዎች 10 መስመሮች ሲኖሯቸው፣ 10 ሰዎች ግን 45 አሏቸው። የሰው ቁጥር እጥፍ ሲሆን አለመግባባት የሚገባባቸው በሮች ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናሉ።

የጋሞ ሕዝብ ዱቡሻ ለዚህ መፍትሔ ይጠቁመናል። በዱቡሻ ጉዳዩ በአደባባይ ይቀርባል፤ ተሰብሳቢው ሁሉ አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ስምምነት እስኪገኝም ይመካከራል። ተሰሚነት ከትሕትና እንደሚመነጭ ደግሞ የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ አሳይተዋል፤ እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ለበቀል የተነሣሡ ወጣቶችን መልሰዋል።

ስለዚህ አዲሱ መሪ የሚከተሉትን ይልመድ፦

1. ከቁፋሮ በፊት ተጠቃሚዎችን፣ በተለይም ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ ያዳምጥ።

2. የተስማሙበትን ሥራ፣ ጊዜና ወጪ በጽሑፍ ያስፍር።

3. በየሳምንቱ ስብሰባ የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ይናገር፤ ሌሎችም መደበቅን ይተዋሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ 20 ሆናችሁ ብትሠሩ መስመሮቹ 190 መሆናቸውን አስልታችሁ አረጋግጡ።