ስለ ሴቶች ጤና የሚደረግ ጥያቄና የመልሱ ዋጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ምሳሌ። ይህ ቃል ለደዌ ሁሉ እውነት ቢሆንም በሴቶች የማኅፀንና የወሊድ ጤና ረገድ ይልቁን ይጸናል። አንዲት ሴት ራሷን ሲያማት ለጎረቤቷ ትናገራለች፤ ከማኅፀኗ ወይም ከግብረ ሥጋ ጋር የተያያዘ ሕመም ሲይዛት ግን ነውር መስሎ ስለሚታያት በሆዷ ይዛው ትኖራለች። ስለዚህ በሐኪም ቤት መዝገብ ብቻ የአገሩን ሴቶች ጤና ማወቅ አይቻልም፤ መዝገቡ የሚነግረን ስለ መጡት እንጂ በቤታቸው ስለ ቀሩት አይደለምና።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ የሚደረግ ጥናት ነው። በአገራችን ከዚህ ዓይነቱ ዋነኛው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተደርጓል፤ በ2019 ደግሞ አነስ ያለው ተከትሏል።

1ኛ፤ ተጠያቂዎች እንዴት ይመረጣሉ?

ባለሙያ ሴት የወጧን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሁሉ አትጨርስም፤ በደንብ አማስላ በጭልፋ ትቀምሳለች እንጂ። በጥናትም ማማሰል ማለት ቤቶችን በዕጣ መምረጥ ነው። ለመንገድ የቀረበውን ብቻ የጠየቀ ሰው ያላማሰለውን ወጥ እንደ ቀመሰ ይቆጠራል። በ2016 በዚህ አኳኋን ከተመረጡት ቤቶች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 15,683 ሴቶች መልስ ሰጥተዋል።

2ኛ፤ ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

«ስንት ልጅ ወለዱ?» ተብላ የተጠየቀች እናት ብዙ ጊዜ በሕይወት ያሉትን ብቻ ትቆጥራለች። ስለዚህ ጠያቂዋ አብረዋት የሚኖሩትን፣ በሌላ ስፍራ የሚኖሩትንና የሞቱትን ለየብቻ ትጠይቃታለች፤ አልቅሶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያረፈውም ሕፃን እንኳ እንዳይዘለል ታሳስባታለች።

በወሊድ የሞተችውን እናት ግን ማን ይጠይቃታል? እርሷ መልስ ልትሰጥ ስለማትችል ከአንድ እናት የተወለዱት እኅቶቿ ይጠየቃሉ፦ የሞተችው በእርግዝና ላይ ሳለች ነውን? በምጥ ነውን? ወይስ ከወለደች በኋላ? በዚህ ዘዴ እንደ ተገመተው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት እናቶች በ2000ው ጥናት 871፣ በ2016ቱ 412 ነበሩ።

3ኛ፤ ምስጢር ስለ መጠበቅ

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ጠያቂዋ ከአንድ ቤት ገብታ ወጣቷን ሚስት «ልጅ ለማራራቅ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» ትላታለች። አማቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይሰማሉ። ወጣቷ ከጤና ኬላ መርፌ የምትወጋ ብትሆንም «ኧረ እኔስ አላውቀውም» ብላ ትመልሳለች። ይህን የተናገረችው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ነገር ግን በዕጣ የተመረጠች አንዲት ሴት በአማካይ ከሺህ ለሚበልጡ እኅቶቿ ምስክር ስለሆነች፣ የእርሷ ፍርሃት የእነርሱንም ችግር ይሰውረዋል።

ስለዚህ ሴቶችን የምትጠይቀው ሴት ናት፤ የምትጠይቀውም ለብቻቸው ነው፤ የተጠያቂዋም ስም ለማንም አይገለጥም። በ2016 በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ሲጠየቅ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጥ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚሰማ ከሆነም ጥያቄው ይቀር ነበር።

4ኛ፤ ከመልሱ ምን ተገኘ?

ከ100 ያገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 ዓመት 8፣ በ2016 ደግሞ 36፣ በ2019 41 ሆነው ተገኝተዋል። በጤና ድርጅት የሚደረገው ወሊድ በ2000 ከመቶ 5 ነበረ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ከእናቶች የሚበልጡት ገና በቤታቸው ይወልዱ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ደግሞም በ2016 ከ100 ያገቡ ሴቶች 22ቱ ልጅ ማራራቅ ወይም መውለድ ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ይህን የልብ ፈቃድ የሚገልጥ የሐኪም ቤት መዝገብ የለም፤ የታወቀው እነርሱ ራሳቸው ስለ ተናገሩ ነው። አዋላጅ የት እንደምትላክ፣ መድኃኒትም የት እንደጎደለ ለማወቅ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው።

5ኛ፤ ምክር

ሀ/ የቤት ጌታ ሆይ፣ ጠያቂዋ ስትመጣ መታወቂያዋን ተመልክተህ ወንበር ስጣት፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከቤት ውጣ። ይህን ማድረግህ ክብርህን አይቀንስም፤ የሚስትህንና የሴት ልጅህን ሕይወት ይጠብቃል እንጂ።

ለ/ የቤት እመቤት ሆይ፣ ለመመለስ የማትፈልጊውን ጥያቄ ለመተው መብት አለሽ። ሐሰት ከመመለስ ዝም ማለት ይሻላል።

ሐ/ ጠያቂ ሆይ፣ በምትሰሚው ነገር አትደነቂ፣ አትፍረጂም። የሰማሽውን በወረቀትሽ ላይ ጽፈሽ በልብሽ ዝጊው።

ስለ ሞተች እኅቷ በእንባ የምትመልስ ሴት የሞተችውን ልትመልሳት አትችልም። ነገር ግን እውነተኛ ቃሏ ለሌላዋ ነፍሰ ጡር አዋላጅ እንዲደርስላት ሊያደርግ ይችላል።