የሥልጠና ንድፍ በእርዳታ ሥራ፤ ከደቡብ ኦሞ ቆላማ ወረዳዎች ሁኔታ ጋር የተገናዘበ ትምህርት

ድርቅ በደረሰ ቁጥር ከእህልና ከመድኃኒት ጋር ወደ ተጎዳው አካባቢ የሚላክ አንድ ሌላ እርዳታ አለ፤ ይኸውም ሥልጠና ነው። የወረዳ ሠራተኞች ለጥቂት ቀናት ወደ ጂንካ ይጠራሉ፤ በአዳራሽ ገለጻ ይሰማሉ፤ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ አበላቸውን ተቀብለው ወደየመጡበት ይመለሳሉ። በሪፖርቱም ላይ የሠልጣኞች ብዛት ይሰፍራል። ይሁን እንጂ ሠራተኛው በዳሰነች ወይም በኛንጋቶም አንድ የግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ የሕፃን ክንድ በሚለካበት ሰዓት ሥራውን በትክክል ለመሥራት መቻሉን ያ ቁጥር አያስረዳም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሥልጠናን ከቁጥር ወደ ሥራ ችሎታ ለማሸጋገር የሚረዳውን የሥልጠና ንድፍ ስልት ለኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች ማስተዋወቅ ነው።

የስልቱ አመጣጥ

ሥልጠናን በደረጃ ከፋፍሎ የመንደፍ ዘዴ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ኃይሎች በተዘጋጀው ሥርዓት ነው። በኋላ «አዲ» በሚል የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል የተጠራው ይህ ስልት አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራና ግምገማ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 የሥልጠና ዓላማ እንዴት በግልጽ እንደሚጻፍ አሳይቶ ነበር፤ ዶናልድ ኪርክፓትሪክም እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና በአራት ደረጃ የሚመዘንበትን መንገድ አቅርቦ ነበር። ስልቱ የተወለደው በሌላ አገርና ለሌላ ሥራ ቢሆንም የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ግን ለእርዳታ ሥራም የሚያገለግሉ ናቸው።

ትንተና፤ ችግሩ የሥልጠና ነውን?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እናስተምር?» የሚለው ሳይሆን «ጉድለቱ የሚወገደው በማስተማር ነውን?» የሚለው ነው። አንድ ጤና ኬላ የተጎዱ ሕፃናትን መዝግቦ አላስተላለፈም እንበል። ምክንያቱ ሠራተኛው መለካት አለማወቁ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ወይም መዝገቡ አለቆ ሊሆንም ይችላል፤ አርብቶ አደሩ ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ከብቱን ይዞ ከቀበሌው ርቆ ሄዶ ሊሆንም ይችላል። በሥልጠና የሚፈታው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለቀሩት መድኃኒታቸው አቅርቦትና የተንቀሳቃሽ ቡድን ሥምሪት ነው።

ይህን ለይቶ አለማወቅ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። በወንዙ ላይኛው ተፋሰስ የጣለው ዝናብ ማስጠንቀቂያ በጊዜው ካልደረሰ፣ የታችኛው ቀበሌ ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ሕዝቡን ሊያሸሽ አይችልም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ለሰፈራ በተጓዘበት ጊዜም ውሃና ጤና አገልግሎት ባልተሟላባቸው ጣቢያዎች የደረሰው ሕመምና ሞት በሠራተኞች ሥልጠና የሚተካ ጉድለት አልነበረም።

ንድፍ፤ ሠልጣኙ ምን መሥራት ይችላል?

ጉድለቱ የችሎታ መሆኑ ከተረጋገጠ ዓላማው በሥራ ቃል ይጻፋል። «ሠልጣኞች ስለ ምግብ እጥረት ግንዛቤ ያገኛሉ» የሚል ዓላማ ሊመዘን አይችልም። በሜገር አካሄድ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ተግባሩን፣ ተግባሩ የሚፈጸምበትን ሁኔታና መመዘኛውን። ለምሳሌ፦ «ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸው አሥር ሕፃናት ሲቀርቡለት፣ ሠልጣኙ የእያንዳንዱን የግራ ክንድ ዙሪያ ለክቶ ይመዘግባል፤ ልኬቱም አሠልጣኙ ከለካው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይለይም» የሚል ዓላማ መሳካቱና አለመሳካቱ ወዲያው ይታወቃል።

በዚህ ሥራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ትርጉሙ ትልቅ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷል ይባላል። መለኪያው ከላላ ቁጥሩ ከፍ ይልና የታመመው ሕፃን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከጠበቀ ደግሞ ቁጥሩ ይወርድና ጤነኛው ለታመመው የተመደበውን ምግብ ይወስዳል። በሁለቱም እግሮቹ ላይ በምግብ እጥረት ሳቢያ እብጠት የታየበት ሕፃን የክንዱ ልኬት ምንም ያህል ቢሆን ከከባድ ተጎጂዎች ይቆጠራል። ስለዚህ የእግርን ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓድ መቅረቱን ማየት ራሱን የቻለ ዓላማ ሆኖ መጻፍ ይኖርበታል።

ዝግጅትና ትግበራ

የሥልጠናው ቦታ፣ ጊዜና ቋንቋ የሚወሰነው በሥራው ጠባይ ነው። ክንድ መለካት በአዳራሽ ገለጻ አይለመድም፤ የሚለመደው እናቶችና ሕፃናት በሚገኙበት ጤና ኬላ፣ በገበያ ቀን በዲመካ ወይም በቱርሚ አካባቢ፣ ወይም በምግብ ማደያ ጣቢያ ነው። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ሠርቶ ያሳያል፤ ቀጥሎ ሠልጣኙ እየተናገረ ይሠራል፤ በመጨረሻም ብቻውን ይሠራል።

ቋንቋም ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ቢሆንም ሠራተኛው እናቲቱን የሚያነጋግረው በሐመርኛ፣ በዳሰነችኛ ወይም በኛንጋቶምኛ ነው። ሕፃኑ ምግቡን መቼና ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ምግቡም ለሌሎች ልጆች የማይከፋፈልበትን ምክንያት ሠልጣኙ በዚያው ቋንቋ ተናግሮ እንዲያሳይ መደረግ ይገባዋል። የጊዜ ሰሌዳውም ከሕዝቡ ኑሮ ጋር መስማማት አለበት። በኦሞ ዳር የሚያርሱት ወገኖች ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል፤ ከእነዚሁ ቤተሰቦች የተመረጡ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞችን በዘር ወቅት ወደ ሥልጠና መጥራት ከቤታቸው እህል መቀነስ ነው።

ግምገማ

ኪርክፓትሪክ አራት ጥያቄዎችን ያነሳል። ሠልጣኞች ሥልጠናውን ወደዱትን? ተማሩበትን? በሥራ ቦታቸው ላይ ተጠቀሙበትን? በዚህስ ምን ውጤት ተገኘ? በብዙ ቦታ ግምገማው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያበቃል። ለድርቅ ሥራ ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። ከሥልጠናው ከአንድ ወር በኋላ ተቆጣጣሪው በድንገት ተገኝቶ ሠራተኛው የለካቸውን ጥቂት ሕፃናት እንደገና ቢለካ ከብዙ ገጽ የአስተያየት ቅጽ የበለጠ ያውቃል።

ክትትሉ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ አካባቢዎች በደረሰው ድርቅ የከባድ ምግብ እጥረት ሕክምና ወደ ጤና ኬላዎች እንዲወርድ ሲደረግ፣ ሥራው በየቀበሌው ባሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የከባድ ጉዳት መለያውን ከ11 ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አሳሰቡ። የቀድሞውን ቁጥር ብቻ ተምሮ አዲሱ መመሪያ ያልደረሰው ሠራተኛ 11.3 የለካውን ሕፃን ያለ ሕክምና ያሰናብተዋል። ስህተቱ የሠራተኛው ሳይሆን ሥልጠናውን ያላደሰው አካል ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ድርቅ ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ባከሸፉበት የደቡቡ ቆላ፣ ለትንተና ብቻ ወራት መውሰድ ሥራውን ማሰናከል ነው። ስለዚህ አምስቱ ደረጃዎች በአጭሩ ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ ይኸውም ግማሽ ቀን በሥራ ቦታ ተገኝቶ በማየት፣ ሁለት ወይም ሦስት የተግባር ዓላማዎችን በመጻፍ፣ በአንድ ጤና ኬላ በመሞከር፣ የታየውን ጉድለት በማረም፣ ከዚያም ወደ ሌሎች በማስፋፋት ነው። የአደጋ ጊዜው እስኪመጣ ሳይጠበቅ በደህናው ወቅት ዓላማዎቹንና መለማመጃዎቹን አዘጋጅቶ ማቆየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

በመሆኑም ማንኛውም ኃላፊ የሥልጠና በጀት ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅማል፤ ጉድለቱ የችሎታ መሆኑ በምን ተረጋገጠ? ሠልጣኙ በመጨረሻ ምን ሠርቶ ያሳያል? ከወር በኋላስ ማን ሄዶ ያየዋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሥልጠና ገንዘቡ ለመለኪያ፣ ለመዝገብና ለተሽከርካሪ ነዳጅ ቢውል በጤና ኬላው በር ለሚጠባበቀው ሕፃን የተሻለ ነው።