በሰማይ ያለው ኮከብና በሰው ልብ ያለው ፍርሃት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በጎንደር ከተማ በፒያሳ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ሲኒማ ቤት እንዳለ ታውቃለህ። በፊልም ተጫውቶ ስሙ የገነነውን ሰው ሕዝቡ «የፊልም ኮከብ» ይለዋል። በዚችው ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ግን ስለ ሌላ ኮከብ ደግሞ ይነገራል፤ ይኸውም አውደ ነገሥት ተገልጦ የሰው ዕድል የሚወጣበት ኮከብ ነው። ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ኮከቦች፥ ይልቁንም አንዱ በሌላው ስለ ተመራበት ዘመን፥ ጥቂት ልንማር ይገባናል።

1። ኮከብ የሚቈጠረው እንዴት ነው?

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ጾሙንና በዓሉን፥ ፋሲካም የሚውልበትን ቀን ያወጣሉ። ይህ የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ መቍጠር ስለ ሆነ ነውር የለበትም። እኛ የምንነቅፈው የሰውን ጋብቻና ሹመት፥ ሕይወቱንና ሞቱን ከኮከብ አወጣለሁ የሚለውን ነው።

አውደ ነገሥት የሚያደርገው እንዲህ ነው። የሰውየውንና የእናቱን ስም ወስዶ ለፊደሎቹ የተሰጠውን ቍጥር ይደምራል፤ ድምሩንም በ12 ይገድፋል፤ የተረፈውም ቍጥር ኮከቡን ይናገራል። 1 ቢተርፍ ሐመል፥ 2 ቢተርፍ ሠውር፥ 3 ቢተርፍ ገውዝ እያለ እስከ መጨረሻው እስከ ሑት ይደርሳል። እነዚህ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ለእያንዳንዱም ኮከብ ከእሳት፥ ከመሬት፥ ከነፋስ፥ ከውኃ አንዱ ባሕርይ ይሰጠዋል። እንግዲህ አስተውል፤ ቈጣሪው በዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አልተመለከተም። በደባርቅና በሰሜን ተራራ፥ ደመና በሌለበት ሌሊት፥ ከዋክብት እንደ አሸዋ በዝተው ይታያሉ፤ እርሱ የቈጠረው ግን ፊደል ነው እንጂ ኮከብ አይደለም።

በውጭ አገር ያሉት ቈጣሪዎች ደግሞ የሰውን የልደት ቀንና ሰዓት ጠይቀው የፕላኔቶችን መተላለፍ ይከታተላሉ። ዙሐል የተባለው ሳተርን ዙረቱን ለመፈጸም 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ጁፒተርም 12 ዓመት ያህል። ፕላኔቱ በሰውየው ልደት ወደ ነበረበት ስፍራ ሲመለስ መከራ ወይም ሹመት ይመጣል ይላሉ። ዙረቱ እውነት ነው፤ የተማረ ሰው ሊለካው ይችላል። ነገር ግን በአንድ ወር የተወለዱ ሰዎች ሁሉ ሳተርን በአንድ ጊዜ ይመለስላቸዋል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ አይሾሙም፥ በአንድ ጊዜም አይታመሙም።

2። በቤታችን የሆነው

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። እኔ በደጋው አገር ልጅ ሳለሁ ታላቅ እኅቴ ለአንድ ደኅና ቤተ ሰብ ልጅ ታጨች። ሽማግሌዎች መጡ፤ ጥሎሹም ተነገረ። ከሠርጉ በፊት አባቴ ወደ አንድ ኮከብ ቈጣሪ ሄዶ የሁለቱን ኮከብ አስቈጠረ። ያም ሰው «የአንዱ እሳት፥ የሌላው ውኃ ነውና ቢጋቡ አንዱ ይሞታል» አለው። ጋብቻው ፈረሰ። እኅቴ ብዙ ዓመት በአባቴ ቤት ተቀመጠች፤ «ገፊ ናት» የሚል ስምም ወጣባት፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ያ ቈጣሪ የእናቴን የቤት ስም እንጂ የክርስትና ስሟን እንዳልቈጠረ ሰማን። በክርስትና ስሟ በተቈጠረ ጊዜ የእኅቴ ኮከብ ሌላ ሆነ፤ እሳቱም ውኃውም ጠፋ። አባቴ ይህን ሲሰማ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ይወድ ነበርና ፈራላት፤ ፍርሃቱም ወደዚያ ደጃፍ ወሰደው።

3። የፊልሙ ኮከብ

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ያልተማረ የባላገር ሰው ነገር ነው አትበል። የአሜሪካውን የፊልም ተዋናይ የሮናልድ ሬገንን ታሪክ ተመልከት፤ በዚህ ክፍል ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ሬገን ከ1937 ጀምሮ ከ50 በሚበልጡ ፊልሞች ተጫወተ። የፊልሙ ዝና በበረደ ጊዜ ከ1954 እስከ 1962 በቴሌቪዥን አቅራቢ ሆነ፤ የመጨረሻው ፊልሙም በ1964 ታየ። ብዙ ተዋናዮች በሚረሱበት ዕድሜ ግን የእርሱ ስም እንደ ገና ገነነ፤ ከ1967 እስከ 1975 የካሊፎርኒያ ገዥ፥ በ1981ም በ69 ዓመቱ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በተሾመ በ69ኛው ቀን በዋሽንግተን አንድ ሰው ጥይት ተኰሰበት፤ ጥይቱም ሳንባውን መታው፤ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። ቀድሞ የፊልም ተዋናይ የነበረችው ሚስቱ ናንሲ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱ ፍርሃት ያዛት። በዚህ ጊዜ ጆአን ክዊግሊ የተባለች የሳን ፍራንሲስኮ ኮከብ ቈጣሪ ያ ቀን አደገኛ መሆኑን አይታ እንደ ነበረ ከአንድ ወዳጅ ሰማች። ይህ ነገር የተነገራት ጥይቱ ከተተኰሰ በኋላ መሆኑን ልብ በል። ከዚያ ወዲህ ናንሲ ገንዘብ እየከፈለች ሴትዮዋን በስልክ ትጠይቃት ነበር፤ የፕሬዚዳንቱም ጉዞና ስብሰባ በዚህ ምክር ቀኑ ይለወጥ ጀመር። የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት አለቃ የነበረው ሰው በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ደጉ ቀን በአረንጓዴ፥ ክፉው በቀይ፥ አጠራጣሪው በቢጫ የተቀለመ የቀን መቍጠሪያ ይጠቀም እንደ ነበረ ገለጠ። ናንሲም በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን አልካደችም፤ ለባሏ ሕይወት ፈርታ እንዳደረገችው ተናገረች።

እኛ ግን አንስቅባት። በቤተ መንግሥት ያለች የተማረች ሴትና በደጋ ያለ ገበሬ አባቴ አንድ ዓይነት ፍርሃት ፈሩ፤ አንድ ዓይነት ደጃፍም አንኳኩ። ነገር ግን ፍጻሜውን ተመልከት። በ1994 ሬገን አልዛይመር የሚባል አእምሮን የሚያደክም ደዌ እንደ ያዘው ለሕዝቡ በደብዳቤ አስታወቀ፤ እስከ ሞተበት እስከ 2004 ድረስም ሚስቱ አስታመመችው። ያ ባለ ቀለም የቀን መቍጠሪያ ይህን ደዌ አላስቀረውም። በእነዚያ 10 ዓመታት ለባሏ የጠቀመው የተቈጠረው ኮከብ አይደለም፤ ከአጠገቡ ያልተለየች የሚስቱ ፍቅር ነው እንጂ።

4። ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም 18ኛ ምዕራፍ ጥንቈላንና ሟርትን ለእስራኤል ከለከለ። ኢሳይያስም በ47ኛው ምዕራፍ የባቢሎን ኮከብ ቈጣሪዎች ራሳቸውን እንኳ ከእሳት ማዳን እንደማይችሉ ያሳያል። «ሰብአ ሰገልስ ኮከብ ተከትለው አልነበረምን?» የሚል ሰው ይኖራል። አዎን፤ ነገር ግን ያ ኮከብ ወደ ክርስቶስ መራቸው እንጂ ስለ ጋብቻቸውና ስለ ሹመታቸው አልነገራቸውም።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ፥ ነገ የሚሆነውን የማናውቅ ስለ ሆንን እንዳንመካ ይመክረናል። ለዚህ ቃል ከገዛ አገራችን ምስክር አለን። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን በደረስጌ ያሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ንግሥ የተዘጋጀች እንደ ነበረች ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ ድል ነሥተዋቸው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። ቴዎድሮስ የሚባል ታላቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት ይጠበቅ ነበርና ስማቸውን ቴዎድሮስ አሰኙ፤ እርሳቸውም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ስፍራውን ያዘጋጁት አልነገሡበትም፤ የትንቢቱን ስም የወሰዱትም እንዲህ ያለውን ፍጻሜ አልጠበቁም።

5። እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልጅህን ለማጋባት ብታስብ ስለ ጠባዩና ስለ ጤናው፥ ስለ ሃይማኖቱም ጠይቅ፤ ከሁሉ አስቀድመህ ልጂቱን ራሷን ጠይቃት። ብትታመም ወደ ሐኪም ሂድ፥ ጸልይም። ሹመትህ ወይም ስምህ እንደ ማታ ፀሐይ ቢያዘቀዝቅ «መቼ ይመለስልኛል?» ብለህ አትጠይቅ፤ በእጅህ የቀረውን ሥራ በታማኝነት ሥራ። ብትፈራም ፍርሃትህን ለእግዚአብሔርና ለታመነ ወንድም ንገር፤ ያልተነገረ ፍርሃት ሰውን በጨለማ ወደ ቈጣሪ ቤት ይወስደዋልና። በቈጣሪ ቃል የበደልኸው ሰው ቢኖር ደግሞ በሕይወት ሳለ ሄደህ ታረቀው።

አባቴ ሊሞት በቀረበ ጊዜ እኅቴን ወደ መኝታው አስጠርቶ፥ «ልጄ፤ ስለ አንቺ ኮከብ ጠየቅሁ፤ አንቺን ግን አልጠየቅሁም፤ ይቅር በይኝ» አላት። እርሷም እጁን ይዛ «እግዚአብሔር ይፍታህ፥ አባቴ» አለችው። አንባቢ ሆይ፤ አንተ ይህን ቃል ለመናገር እስከዚያች ቀን አትቈይ። ከዋክብትን የፈጠረ አምላክ ዘመንህን በእጁ ይዞአልና፥ በእርሱ ታምነህ ዛሬ ከፍርሃት ተመለስ።