በኮሪያ የቋንቋ መመደቢያ ፈተና፦ ከፍ ማለት ወይስ ቦታን ማግኘት?

መግቢያ

ደቡብ ኮሪያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 ወደዚያ ዘምቷል፤ በቹንቾን ከተማም መታሰቢያ ቆሞለታል። ዛሬ ደግሞ ደብተር ይዘው የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። ታዲያ ስለ ስኮላርሺፑ ብዙ ይወራል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ስለሚጠብቀው የቋንቋ ፈተና ግን ብዙም ሲወራ አይሰማም። ይህ አጭር ጽሑፍ በኮሪያ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች የሚወስዱት የደረጃ መመደቢያ ፈተና እንዴት እንደሚሠራ፣ አማርኛ ተናጋሪም በምኑ እንደሚጠቀምና በምኑ እንደሚሰናከል ለማሳየት ይሞክራል። ዋናው ሐሳቡ አንድ ነው፦ በመመደቢያ ፈተና ጥሩ ውጤት የሚባለው ትክክለኛው ውጤት ነው። ከፍተኛ መሆኑ ብቻውን ጥሩ አያሰኘውም።

1. ፈተናው ምንድን ነው?

በቅድሚያ ሁለት ፈተናዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቶፒክ የሚባለው የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ። ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። በኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለዲግሪ የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ቋንቋ ተምሮ ቢያንስ ቶፒክ 3ን ማግኘት ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው ነው። የኮሪያ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአገሩ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች የማኅበራዊ ውህደት ፕሮግራም ያካሂዳል። ወደዚህ ፕሮግራም ሲገባ የሚሰጠው ፈተና በኮሪያኛ «ሳጆን ፕዮንግካ» ይባላል፤ ቅድመ ምዘና እንደማለት ነው። የሚፈተኑት የመኖሪያ መታወቂያ ያወጡ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ከኮሪያውያን ጋር ትዳር የመሠረቱና ሌሎችም ናቸው። ፕሮግራሙን ጨርሶ ያለፈ ሰው ለቋሚ መኖሪያ ወይም ለዜግነት ሲያመለክት ይጠቅመዋል። ስለዚህ ለብዙዎች ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነው።

ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 5 ደረጃ አለው። 0 ደረጃ 15 ሰዓት ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት እያንዳንዳቸው 100 ሰዓት ይፈጃሉ። 5ኛው ስለ ኮሪያ ኅብረተሰብ የሚያስተምር ሲሆን 70 ሰዓት መሠረታዊ፣ 30 ሰዓት ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት አለው። ሲደመር 515 ሰዓት ይሆናል። መፈተን የማይፈልግ ሰው ከ0 መጀመር ይችላል። ጊዜው ያላለፈበት የቶፒክ ውጤት ያለውም ሳይፈተን ሊመደብ ይችላል፤ ለምሳሌ ቶፒክ 3 ያለው 4ኛ ደረጃ ይገባል። የቶፒክ ውጤት የሚያገለግለው ግን ለ2 ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

2. ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። የጽሑፉ 50 ጥያቄ ሲሆን 48ቱ ምርጫ፣ 2ቱ በአጭሩ የሚጻፉ ናቸው። እያንዳንዱ 1.5 ነጥብ ስለሚይዝ በጠቅላላው 75 ይሆናል። የቃሉ 5 ጥያቄ አለው፤ 25 ነጥብ ይይዛል። በቃል ፈተና ላይ አጭር ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ስለተነበበው መመለስ፣ ከዚያም ስለ ራስና ስለ አካባቢ መናገር ይመጣል።

ከ3 እስከ 20 ያገኘ 1ኛ ደረጃ፣ ከ21 እስከ 40 ያገኘ 2ኛ፣ ከ41 እስከ 60 ያገኘ 3ኛ፣ ከ61 እስከ 80 ያገኘ 4ኛ፣ ከ81 በላይ ያገኘ 5ኛ ይገባል። እዚህ ላይ ግን አንድ በር አለ። በቃል ፈተና ከ3 ነጥብ በታች ያገኘ ሰው የጽሑፉ ውጤት ምንም ይሁን ምን 0 ላይ ይመደባል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። እንበል አንድ ሰው ከጽሑፉ 30 ጥያቄ መለሰና 45 ነጥብ አገኘ። በቃል ግን አፉ ተያዘ፤ 2 ነጥብ ብቻ ሆነለት። ድምሩ 47 ነው፤ ሆኖም 0 ደረጃ ይገባል። ሌላው ከጽሑፉ 20 ብቻ መልሶ 30 ነጥብ አገኘ፤ በቃል ግን 15 አመጣ። ድምሩ 45፤ 3ኛ ደረጃ ገባ። የመጀመሪያው 515 ሰዓት ሲጠብቀው ሁለተኛው 300 ቀረው። የ215 ሰዓት ልዩነት ቀላል ነው እንዴ? ቅዳሜና እሁድ በቀን 4 ሰዓት ብቻ መማር ለሚችል ሠራተኛ ከስድስት ወር በላይ ነው።

«እንግዲያው ባገኘሁት መንገድ ነጥቤን ከፍ ላድርግ» የሚል ይኖራል። ይህም ጣጣ አለው። ባለ አራት ምርጫ የሆኑትን 48 ጥያቄዎች ምንም ሳያውቅ በግምት የሞላ ሰው በአማካይ 12 ያገኛል፤ 18 ነጥብ ማለት ነው። በቃል እንደምንም 3 ቢጨምርበት 21 ይሞላና 2ኛ ደረጃ ይገባል። አሁን 1ኛ ደረጃን ካልተማረ ሰው ጋር 2ኛ ደረጃ ክፍል ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያ ሰው ራሱ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከ4ኛ ደረጃ በኋላ የመካከል ምዘና፣ ከ5ኛ በኋላ አጠቃላይ ምዘና አለ፤ እዚያ ግምት ሩቅ አይወስድም።

3. አማርኛ ተናጋሪ ምን ይዞ ይገባል?

ሀ/ የዓረፍተ ነገር አሠራር። በኮሪያኛ እንደ አማርኛው ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ጆነን ሺጃንጌ ካሶ ሳግዋርል ሳሶዮ» የሚለውን ቃል በቃል ብናስቀምጠው «እኔ ገበያ ሄጄ ፖም ገዛሁ» ይሆናል። «ካሶ» የእኛን «ሄጄ» ቦታ ቁጭ ብሎ ይዟል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ቅደም ተከተል ራስ ያዞራል፤ ለእኛ ግን የቤት ልብስ ነው። በቃል ፈተና ላይ በአማርኛ ማሰብ ብዙም አይጎዳም፤ በእንግሊዝኛ አስቦ መተርጎም ግን ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጠዋል።

ለ/ ቅጥያዎች። እኛ «በ»ን፣ «ከ»ን፣ «ለ»ን ከስሙ በፊት እናስቀምጣለን። ኮሪያኛ ሁሉንም ከስሙ በኋላ ነው የሚቀጥለው፤ «በአውቶቡስ» ለማለት «ቦስሮ» ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ ዙሪያ ናቸው። «ቤት» ማለት «ጂብ» ነው። «ወደ ቤት» ሲሆን «ጂቤ»፣ «ቤት ውስጥ እበላለሁ» ሲባል ደግሞ «ጂቤሶ» ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር «ጂቤሶ» «ከቤት» ማለትም መሆኑ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መጨረሻ ላይ ያለው ግሥ ስለሆነ ባዶ ቦታ ሲሞላ ግሡን ሳያዩ አለመምረጥ ነው።

ሐ/ አክብሮት። «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ ላደገ ሰው አክብሮት አዲስ ነገር አይደለም። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። የኮሪያኛ ግሥ በእኔ፣ በአንቺ፣ በእሱ አይለዋወጥም። ይህን የሰማ ተማሪ ፈታኙ «ኦዲኤ ሳሴዮ?» (የት ይኖራሉ?) ሲለው ግሡን እንዳለ መልሶ «ቹንቾኔ ሳሴዮ» ይላል። ራሱን አከበረ! በአማርኛ ስለ ራስ «እኔ ቹንቾን ይኖራሉ» እንደማለት ነው። ትክክሉ «ቹንቾኔ ሳራዮ» ነው። «ሴ» ለሌላው ሰው ናት፤ «ዮ» ግን ለአድማጩ አክብሮት ስለሆነች ሁልጊዜ ትቀራለች።

መ/ ድምፅ። ጨረቃ፣ ጭንብልና ሴት ልጅ የሚሉት ቃላት በኮሪያኛ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ላላ ያለ «ተ»፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ያለበት፣ ሦስተኛው ጠበቅ ያለ ነው። ሦስተኛውን «ጠ» ብሎ ማለፍ ያጓጓል። «ጠ» ግን ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ የኮሪያው ይጠብቃል እንጂ አይፈነዳም።

ሠ/ ቁጥር። ኮሪያውያን ትልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት በ10,000 ነው፤ «ማን» ይሉታል። እኛ ጋ ይህ አለ፤ እልፍ ነው። 50,000 ዎን «ኦማን ዎን» ይባላል፤ አምስት እልፍ ማለት ነው። «ሃምሳ ሺህ» ብሎ ከመተርጎም እልፍን ማስታወስ ይቀላል።

4. እንዴት እንዘጋጅ?

ከላይ ካየነው የሚከተለው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ሃንጉልን ጮክ ብሎ ማንበብ። እ.ኤ.አ. በ1446 የታወጀው ይህ ፊደል 24 መሠረታዊ ሆሄያት ብቻ አሉት፤ በየክፍለ ቃሉ ተሰባስበው ስለሚጻፉም ፊደል ለቆጠረ ዓይን አይከብዱም። ሁለተኛ፣ ስለ ስም፣ ስለ አገር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መኖሪያ ሰፈር አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር በቃል መናገር መለማመድ። ሦስተኛ፣ የጽሑፉ ጥያቄዎች ከቀላል ወደ ከባድ ስለሚሄዱ የሚያውቁትን በጥንቃቄ ሠርቶ፣ ከባዱ ጋ ሲደረስ አለመደንገጥ። አራተኛ፣ የኮሪያን ዕለታዊ ኑሮ ማወቅ፤ እንደ ሶላልና ቹሶክ ያሉ በዓላትም ይጠየቃሉ።

ማጠቃለያ

የመመደቢያ ፈተና ማለፍና መውደቅ የለውም። ያለው ቦታ ማግኘትና ቦታ መሳት ነው። ዝቅ ብሎ የተመደበ ጊዜውን ይከፍላል፤ ያለ አቅሙ ከፍ ያለ ደግሞ ቆይቶ ይከፍላል። የቃሉ 25 ነጥብ ትንሽ ቢመስልም በሩን የያዘው እሱ ነው። ይህ ለእኛ ለክፍሉ ሰዎችም ትምህርት አለው። አማርኛን ለውጭ ዜጎች ስናስተምር ተማሪውን በወረቀት ብቻ መድበን ክፍል ከምናስገባው፣ አምስት ጥያቄ በአፉ ብንጠይቀው የት መቀመጥ እንዳለበት እሱ ራሱ ይነግረናል።