መጀመሪያ ጥይቱን እይ

ወንድምዓለም፣ እስኪ ካታሎጉን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው። 500 ናይትሮ የሚተኩሰውን ጠመንጃ አክብበሃል። ገና ረዳት አዳኝ ሆነህ ወደ ኦሞ ልትወርድ ነው፤ የመጀመሪያህን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በግዝፈቱ አትምረጠው።

ለምን እንደምትይዘው አስብ። የባሌና የአርሲ ደጋ አጋዘን ከሩቅ ስለሚመታ መነጽር የተገጠመለት ባለ አንድ አፈሙዝ ይበቃዋል። ባለ ሁለቱ ለጎሽ ነው፤ ቆስሎ ከቁጥቋጦ በቅርብ ርቀት ለሚወጣብህ ጎሽ። ያን ጊዜ የሚያድንህ ሁለተኛው ጥይት ነው። የጠመንጃውን ምት የፈራ ትከሻ ደግሞ ቃታ ሲሳብ ይሸሻል፤ ሁለተኛውም ይስታል። እኔ በሰላም እንድትመለስልኝ ነው የምፈልገው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥይቱን እይ። ፋብሪካው ሁለቱን አፈሙዝ አንድ ነጥብ ላይ የሚያገናኛቸው በአንድ የጥይት ዓይነት፣ በአንድ ክብደትና ፍጥነት አስተካክሎ ነው። ሌላ ጥይት ካጎረስከው ግራና ቀኙ ይለያያሉ። ሙቀትም ይገባበታል፤ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ የደሴ ካፖርትህን እንደምታወልቅ ታውቃለህ፤ ኦሞ ከኮምቦልቻም ይብሳል። ስለዚህ ጠመንጃውን እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ፈትነው።

የጥይት ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአድዋ ዘመን ሠራዊት ሰናድር፣ ውጅግራና ለበን የሚባሉ ጠመንጃዎችን ቀላቅሎ ይዞ ነበር፤ ሰናድሩ 14.7፣ ውጅግራው 11፣ ለበኑ 8 ሚሊ ሜትር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በኋላም ጥይቱ ከገበያ ሲጠፋ ስንቱ ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ!

ወደ አንተ ምርጫ ስንመለስ፣ 9.3×74አር የሚባለው ጥይት ምቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ግን ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽ ከ375 ካሊበር በታች አይፈቅዱም። 470 ናይትሮ 32 ግራም አረር በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጠመንጃው ራሱ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ አንዱ ጥይት ከ10 ዶላር በላይ ነው። በዚህ ዋጋ ስንት ጊዜ ትለማመዳለህ? 450/400 አረሩ 26 ግራም ነው፤ ለጎሽ ይበቃል፣ ትከሻህንም አያስደነግጥም። እኔ እሱን እመርጥልሃለሁ። ነገር ግን የካምፑ አለቃህ 470 የሚይዝ ከሆነ አንተም 470 ያዝ፤ ጥይት ሲያልቅብህ የምትበደረው ከእሱ ነው። አብሽር፣ ትከሻ በልምምድ ይለምዳል።

የቀለሁ ግርጌ ከንፈር ይኑረው፤ የጠመንጃው ጥፍር አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው። ከንፈር የሌለው ቀለህ በጭንቅ ሰዓት ከጥፍሩ ሊያመልጥ ይችላል።

ብር ከመክፈልህ በፊት በአዋጅ 1177/2012 መሠረት የመሣሪያ ፈቃድህን ጨርስ። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነም ከየአፈሙዙ ሁለት ሁለት ጥይት በ50 ሜትር ወረቀት ላይ ተኩስ። አራቱን ቀዳዳ በመዳፍህ መሸፈን ካልቻልክ ጠመንጃውን ለሻጩ መልስለት።