ምዕራፍ ሰባት፦ በሶና ትንፋሽ

ጠዋት ከአልጋ መነሣት ለሚከብደው፣ ከምሳ በኋላ ጉልበቱ ለሚከዳው አንባቢ ስለ ድካም መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለስላሳ ጠጥቶ መነቃቃት ጉልበት ማግኘት አይደለም። ጉልበት የሚሠራው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ለዚያም ምግብ ብቻውን አይበቃም፣ አየር ይፈልጋል።

አንድ የማውቀው የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ላስታ ላይ ተማረው። በልደት ማግስት ቁርሱን በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሸፍኖ የአሸተን ማርያምን ዳገት በሩጫ ተያያዘው። መንገዱን ሳያጋምስ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ልቡ ይደልቃል፣ ዓይኑ ጭልም ይልበታል። ከዋግ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ደረሱበት። «ልጄ፣ ምን አስሮጠህ? ተራራው የትም አይሄድብህ» ብለው ከአጠገቡ ተቀመጡ። ከስልቻቸው በሶ ዘግነው ጣሳ ላይ አደረጉ፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ከቅላቸው ውኃ ጠብ እያደረጉ ጨበጡና አጎረሱት። እረፍቱ ትንፋሹን መለሰለት፤ ቀሪውን ዳገት ያስወጣው ግን በሶው ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገብሱ ስታርች አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ግሉኮስ ይሆንና በደም ወደ ሕዋስ ይገባል። እዚያ አንዱ ግሉኮስ ለሁለት ሲከፈል ሁለት ኤቲፒ ብቻ ይገኛል። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብ የሚመታው በዚህ በኤቲፒ ነው። ትልቁ ሥራ የሚሠራው የተከፈለው ግሉኮስ ወደ ሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ሲገባ ነው። ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸው ዑደት እዚያ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ሲጨመርበት ከዚያው ከአንድ ግሉኮስ 30 ያህል ኤቲፒ ይወጣል። የበላነው ገብስ ካርቦንም በትንፋሽ ይወጣል። ከግማሽ በላይ የሆነው ኃይል ደግሞ ሙቀት ሆኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ውርጭ ላይ ያደረውን ምእመን ያሞቀዋል።

ዳገቱ የሚጀምርባት ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ወጣቱ ሲሮጥ ጡንቻው የሚፈልገው አየር አልደርስ ሲለው፣ ግሉኮሱን በብዛት እያባከነ ወደ ላክቴት ይለውጠዋል። ጋን ውስጥ አየር ያጣ የጠላ እርሾም በዚሁ መንገድ ጀምሮ አልኮል ይሠራል፤ ጋኑ የሚፈላው ለዚህ ነው። የደጋው ሰው ግን ለዚህ አየር የተሠራ ነው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳወቁት፣ የደማቸው ሄሞግሎቢን ሳይበዛ የሚሸከመው ኦክስጅን ከቆላው ሰው አያንስም።

እንግዲህ ምክሬ በሶ ነው። ገብሱን ፈትጉ፣ ሳይከስል በዝግታ ቁሉ፣ አስፈጩ፤ በደቃቅ ወንፊት ግን አትንፉት። ፉርሽካው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ1 ከሌለ የተከፈለው ግሉኮስ ወደ ማይቶኮንድሪያ ዑደት በደንብ አይገባም። ጠዋት በውኃ ጨብጣችሁ ወይም በጥብጣችሁ ውሰዱ። የሚያሳዝነኝ ገብስ አብቃዩ ገበሬ ራሱ ገብሱን ሸጦ ለልጁ ብስኩት መግዛቱ ነው። በሶ የድሃ ስንቅ ነው የሚለውን ማን አስተማረን? እንግዳ ሲመጣ በሶ ደብቀን የስኳር ውኃ በጠርሙስ የምናቀርብ ሕዝብ ሆነናል፤ ይህ ውርደት ነው።

ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ የእህሉን ብረት ያስቀራል፣ ያለ ብረት ደግሞ ደም አየር አይሸከምም።

ጾም ያደክማል ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ጉበት 100 ግራም ገደማ ስኳር አከማችቶ ይይዛል፤ እሱ ሲመናመን ሕዋስ ወደ ስብ ይዞራል፣ ከአንድ ግራም ስብም 9 ካሎሪ ያገኛል፤ ከስታርች የሚያገኘው 4 ነው። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ማገዶ አያልቅበትም። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕሙማን ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጹሙ፤ ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ዳገት ከወጡም ጣፋጭ ነገር ከኪሳቸው አይለይ።