ምዕራፍ 7፦ ሰፈሩ ሲፈርስ አንጎል ውስጥ የሚቀረው

የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው የተለየው ከጣሪያና ከግድግዳ ብቻ አልነበረም። ተደጋግፈው የቆሙት የፒያሳ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ ጎረቤት ለቡና የሚጠራራበት ደጃፍ ሁሉ ትዝታ የተሰካባቸው ቦታዎች ነበሩ። የተሰካባቸው ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ የአንጎል ሳይንስም ከዚህ የራቀ አይናገርም።

ጆን ኦኪፍ የተባለ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. የአይጦችን አንጎል ሲያጠና፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ውስጥ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት አገኘ። ወደ ሌላ ጥግ ስትዞር ሌሎች ይነቃሉ። ይህ ሥራ በወቅቱ ባልና ሚስት ከነበሩት ተመራማሪዎች ከሞዘሮች ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ይኸው ሂፖካምፐስ የሕይወት ገጠመኞችንም የሚመዘግብ መሆኑ ነው። የት እንደነበርንና ምን እንደደረሰብን አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይነሣል።

ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ከተማዋ ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ፣ እንቅልፍ ያጡ አንዲት እናት እናስብ። ባለሙያው «ምን ይሰማዎታል?» ቢላቸው መልሳቸው «ምንም፣ ተመስገን» ነው። የእኛ ሰው ብሶቱን ለማያውቀው አይዘረግፍም። «እማማ፣ ከፒያሳ ቤትዎ እስኪደርሱ በየት በኩል ነበር የሚገቡት? እስቲ ይዘውኝ ይሂዱ» ቢላቸውስ? መንገዱ ይመጣል፤ በየደጃፉ ሰው ይመጣል፤ ከሰው ጋር ሳቁም እንባውም ይከተላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰፈራቸውን ይዞራሉ። ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን ለሚማሩ ወጣቶች የምመክረው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው።

ፍርሃት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቤታቸው ሲፈርስ ያየ ልጅ፣ ዛሬ የትም ቦታ የኤክስካቫተር ድምፅ ሲሰማ ልቡ ሊደልቅ ይችላል። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ድምፁን ከአደጋ ጋር አስተሳስሮታል። የተለመደው ሕክምና ልጁን ቀስ በቀስ፣ በሚችለው መጠን፣ ከድምፁ ጋር ማለማመድ ነው። ይሁንና ልምምዱ አሮጌውን ትዝታ አይፍቀውም። ጠፋ የተባለ ልምድ ጊዜ ቆይቶ ብቅ እንደሚል ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ አይቶ ነበር። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንጎል ከአሮጌው ጎን «ይህ አያሰጋም» የሚል አዲስ ትምህርት ያስቀምጣል፤ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍልም አሚግዳላን ይገታዋል። ችግሩ፣ አዲሱ ትምህርት በተማሩበት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በክሊኒክ ክፍል የተረጋጋው ልጅ ታክሲ ተራ ላይ ሲደነግጥ ወላጆቹ «ሕክምናው አልያዘም» ይላሉ። ይዟል፤ ከክፍሉ አልወጣም እንጂ። ልምምዱ ወደ ጎዳናው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሕንፃ ወደሚሠራበት አካባቢ መውጣት አለበት። በእኔ ግምት የአንጎል ሳይንስ ለሥነ ልቦና የንግግር ሕክምና ካበረከተው ሁሉ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ምክር የለም።

በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ካሪም ናደር፣ ጆሴፍ ለዱና ባልደረባቸው አንድ ትዝታ ሲቀሰቀስ ለጥቂት ጊዜ እንደሚላላና እንደገና መጽናት እንደሚያስፈልገው በአይጦች ላይ አሳይተዋል። መጥፎ ትዝታን ለማጥፋት ያስችላል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በሰው ላይ ግን ውጤቱ ወጥ አልሆነም። ስለዚህ የአንጎል ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «መጥፎ ትዝታዎን በአንድ ቀን አጠፋልዎታለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

የሳይንሱ ወሰንም መታወቅ አለበት። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሚንዲ ፉሊላቭ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የጥቁሮች ሰፈሮች ሲፈርሱ የተጎዳው በየግለሰቡ ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል ያለው ትስስር ጭምር መሆኑን አስረድታለች። እድሩ የተበተነበትን ሰው ለብቻው አስቀምጦ ማነጋገር ግማሽ ሕክምና ነው። ሌላው ግማሽ የድሮ ጎረቤቶቹን ፈልጎ ማገናኘት ነው፤ ለዚህ የነርቭ ሕዋስ ማወቅ አያስፈልግም፣ ስልክ መደወል ይበቃል።

ከሰፈርዎ ተነሥተው ከሆነ፣ ኀዘኑ በሽታ ነው ብለው አይፍሩ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቁዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት ግን ነገ አይበሉ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ።